አሰልጣኙ ይቆይ ወይስ ይሂድ? ውጤት ለራቀው ቡድናችን የሚሆን ማነጻጸሪያ

ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ ጠዋት ቆሞ ቅርጫት ኳስ ማየት ፍቅር ይጠይቃል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ኳሷ ሲሚንቶው ላይ ስታርፍ ድምጿ ሳይቀር ይደርቃል። እኛ ግን እንመጣለን። ጋቢ የደረበ አለ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪ አለ፣ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሳይተኛ የመጣ አለ። ዘንድሮ ታዲያ ከሜዳ ስንወጣ ስለ ጨዋታው ማውራት ትተናል። ወሬው ሁሉ አንድ ሆኗል፤ አሰልጣኙ ይባረር ወይስ ይቆይ?

8 ጨዋታ አድርገን 6ቱን ተሸንፈናል። ባለፈው ሳምንት ከሜዳው ማዶ ያለችው ሻይ ቤት ውስጥ ነገሩ ጠብ ሊሆን ምንም አልቀረው። አንዱ ወጣት ደጋፊ "በቃ አልቻለም፣ ዛሬውኑ ይሂድ!" ብሎ ጠረጴዛ መታ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የድሮ ተጫዋች ሻያቸውን አስቀመጡና "ይሁን ልጄ፣ ማንን ልታመጣ ነው?" ብለው ጠየቁት። ዝም አለ። እኔም ብጠየቅ የምመልሰው አልነበረኝም። ማታ ቤት ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ምሽት የመጣ ነው። እንደኛ ግራ ለገባው ሌላ ቡድን ደጋፊም ይጠቅም ይሆናል።

ምርጫዎቹ አራት ናቸው። ዛሬውኑ ማሰናበት፣ እንዳለ ማቆየት፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ጠብቆ መወሰን፣ ወይም አቆይቶ አጠገቡ ሰው መጨመር። ወደነሱ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ሥራ አለ።

እንዴት ነው የምንሸነፈው?

ውጤት ሲጠፋ ሽንፈት ሁሉ አንድ ይመስላል። አይደለም። በ25 ነጥብ ተቀጥቅጦ መሸነፍ ሌላ ነው፤ ሲመሩ ቆይቶ በመጨረሻው ሰዓት ጨዋታ ከእጅ ማምለጡ ሌላ ነው። በሽታቸው ይለያያል፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

እኔ ጨዋታ ሳይ የየኳርተሩን ውጤት እጽፋለሁ። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ ጨዋታው አራት ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። የተሸነፍንባቸውን 6 ጨዋታዎች ገልጬ ሳይ በ4ቱ እስከ እረፍት ድረስ ወይ እየመራን ነበር ወይ እኩል ነበርን። የምንጠፋው ሦስተኛው ኳርተር ላይ ነው። ይህን እስክጽፈው ድረስ አላስተዋልኩትም ነበር። ከሜዳ ስንወጣ የምናስታውሰው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ነዋ።

ሸዋ ሮቢት ላይ የሆነውን ላንሳ። እኛ የምንለማመደው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በውርጭ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለችው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን፣ ደብረ ሲናን ይዘን ስንወርድ ልጆቹ በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ ያወልቁ ነበር። ስንደርስ ሙቀቱ ፊት ላይ እንደ ምድጃ ወላፈን መጣ። እስከ እረፍት በ7 ነጥብ መራን። ከእረፍት በኋላ እነዚያው አምስት ልጆች ተመልሰው ገቡ። ከዚያ የጋርዳችንን፣ ኳስ የሚያደራጅልንን ልጅ፣ ፍሪ ትሮው (ነጻ ውርወራ) አየሁ። ኳሷ የሪንጉን የፊት ጠርዝ እየመታች ተመለሰች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቅርጫት ኳስ የተጫወተ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እግር ሲደክም ውርወራ ያጥራል። ልጁ መወርወር አልጠፋበትም። እግሩ አልቆ ነበር።

ቤንቹ ላይ አራት ልጆች ጃኬት ለብሰው ተቀምጠዋል። ተጋጣሚያችን 9 ነጥብ በተከታታይ አስቆጠረ። ሕጉ ለሁለተኛው አጋማሽ 3 ታይም አውት፣ አሰልጣኙ ጨዋታ የሚያስቆምበት አጭር ፋታ፣ ይሰጣል። አሰልጣኛችን የመጀመሪያውን የጠራው 9ኙ ከገባ በኋላ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ አንዱ ታይም አውት ሳይነካ ቀረ።

ይህ የአሰልጣኝ ጥፋት ነው፤ ሽፋን አልሰጠውም። የሱ ያልሆነም አለ። ረጅሙ ልጃችን ከሦስተኛው ጨዋታ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ተቀምጧል። ሁለተኛው ረጅም ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዷል። ሪባውንድ፣ ከሪንግ የተመለሰ ኳስ፣ የሚሰበስብልን የለም። ነገ የዓለም ምርጥ አሰልጣኝ ቢመጣም ረጅም ልጅ አይወልድልንም።

ስለዚህ ማንኛውም ደጋፊ ከመወሰኑ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ለሁለት ይክፈል። በአንድ በኩል አሰልጣኙ ነገ ሊያስተካክል የሚችለውን ይጻፍ፤ የተጫዋች ቅያሬ፣ ታይም አውት፣ ልምምድ፣ ልጆቹን የሚያናግርበት መንገድ። በሌላው በኩል ጉዳት፣ የሄዱ ልጆች፣ የመኪና ኪራይ፣ የሜዳ ችግር። የመጀመሪያው ዝርዝር ረዝሞ ለወራት ካልተቀየረ አሰልጣኙ ይጠየቅ። ሁለተኛው ከረዘመ ሰው መቀየር ምንም አይፈታም።

ዛሬውኑ ማሰናበት

የዚህ ወገን ክርክር ባዶ አይደለም። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን በስልክ የአሜሪካውን ሊግ ኤን ቢ ኤ የምናይ ሰዎች ምሳሌ አናጣም። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ክሊቭላንድ በጥር 2016 ዴቪድ ብላትን አሰናብቶ ታይሮን ሉን ሾመ፤ በዚያው ዓመት ዋንጫ በላ፣ ያውም በፍጻሜው ጨዋታዎች 3 ለ 1 ከመመራት ተነስቶ። ማያሚ በታኅሣሥ 2005 ስታን ቫን ጋንዲ ለቆ ፓት ራይሊ ወንበሩን ያዘ፤ በ2006 ሻምፒዮን ሆኑ። ሌከርስ በኅዳር 1981 ፖል ዌስትሄድን አባረረ፤ በ1982 ዋንጫው የነሱ ሆነ።

ደስ ይላል። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ክሊቭላንድ ብላትን ያባረረው 30 አሸንፎ 11 ብቻ ተሸንፎ እያለ ነው። ሌከርስ 7 ለ 4 ነበር፣ ማያሚ 11 ለ 10። አንዳቸውም እንደኛ የወደቁ አልነበሩም። ጥሩ ቡድን የበለጠ ጥሩ ሊሆን ሲፈልግ የወሰዱት እርምጃ ነው። የኛን የሚመስለው የአትላንታው ነው። በመጋቢት 2021 አትላንታ 14 አሸንፎ 20 ሲሸነፍ ሎይድ ፒርስን አሰናበተ። ኔት ማክሚላን ከዚያ በኋላ 27 አሸንፎ 11 ብቻ ተሸነፈ፣ ቡድኑንም እስከ ምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ አደረሰ። ሰው መቀየር አይሠራም የሚል ካለ ይኸውላችሁ፣ ይሠራል።

አሁን ጋሼ ወደ ጠየቁት ጥያቄ እንመለስ። ማን መጣ? ሉ የብላት ረዳት ነበር። ማክሚላን የፒርስ ረዳት ነበር። ራይሊ በ1981 የዌስትሄድ ረዳት፣ በ2005 ደግሞ የማያሚ ፕሬዚዳንት ነበር። ሁሉም ከቤት ናቸው። የልጆቹን ስም፣ ጉልበት፣ ኩርፊያ ሳይቀር ያውቃሉ። ውድድር መሃል ላይ አዲስ ሰው ለመተዋወቅ ጊዜ የለውም።

ሚልዋኪ ተቃራኒውን አሳይቷል። በጥር 2024 ኤድሪያን ግሪፊንን 30 አሸንፎ 13 ተሸንፎ እያለ አሰናበቱ። ከውጭ ስመ ጥሩውን ዶክ ሪቨርስን አመጡ። በቀረው ጊዜ 17 አሸንፈው 19 ተሸነፉ፤ ከፕሌይኦፉ፣ ከዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ የመጀመሪያ ዙርም አላለፉ። ሪቨርስ እኮ በ2008 ከቦስተን ጋር ዋንጫ የበላ ሰው ነው። ችሎታ አልጎደለውም። ጊዜ ነው የጎደለው፤ ኮከባቸው ያኒስም በመጨረሻው ተጎድቶ ነበር። አባቶች ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። አሰልጣኝ የሚባረረው ነገሩ እጅግ ሲከፋ ነው። ከዚያ ወዲያ የተጎዳው ይድናል፣ ከባዶቹ ተጋጣሚዎች ያልፋሉ፣ የሚስተው ኳስ መግባት ይጀምራል። ቡድኑ ትንሽ ይሻሻልና ምስጋናው ሁሉ ለአዲሱ ሰው ይሆናል። አሮጌውም ቢቆይ ኖሮ ከዚያ የተወሰነው መምጣቱ አይቀርም ነበር።

እኛ ጋ ደግሞ የኪስም ጉዳይ አለ። አሰልጣኛችን የሚያገኘው ገንዘብ ደመወዝ ለመባል አይበቃም። ከአዲስ አበባ ሰው እናምጣ የሚሉ አሉ። 130 ኪሎ ሜትር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ አለ። ወይ ቤት እንከራይለታለን፣ ወይ በየሳምንቱ እናመላልሰዋለን። ያ ብር ካለ እኔ በበኩሌ አዲስ ኳሶችና ለተጎዳው ልጅ ፊዚዮቴራፒ ይቀድማል እላለሁ።

ያለ ምንም ማነጻጸር በዚያው ቀን መሰናበት ያለበት አሰልጣኝ ግን አለ። ልጅ የሚመታ፣ ሴት ተጫዋቾችን የሚያስቸግር፣ የቡድን ገንዘብ የሚያጠፋ። እዚህ ላይ 8ቱንም ጨዋታ አሸንፎ ቢሆን ይሂድ። የኛው በዚህ አይታማም። ሌላ ቦታ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ግን መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።

እንዳለ ማቆየት

የትዕግሥት ወገን የሚጠራው ስም የማያሚው አሰልጣኝ ኤሪክ ስፖልስትራ ነው። በ2010 ኮከቦቹ ሌብሮን፣ ዌድና ቦሽ አንድ ላይ ሆነው ማያሚ 9 ለ 8 ጀመረ። አሜሪካ ሙሉ ይባረር አለ። አላባረሩትም። በዚያ ዓመት ፍጻሜ ደርሰው በዳላስ ተሸነፉ። በ2012 እና በ2013 ግን ዋንጫው የነሱ ሆነ።

ግሬግ ፖፖቪችም አለ። የሱ ታሪክ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፣ ለዚህ ነው የምወደው። በታኅሣሥ 1996 የሳን አንቶኒዮ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሳለ አሰልጣኙን ቦብ ሂልን 3 ለ 15 ላይ አሰናብቶ ራሱ ተቀመጠ። ቡድኑ ዓመቱን 20 አሸንፎ 62 ተሸንፎ ጨረሰ። ሂል እንዲያ የሆነው አውራው ተጫዋቹ ዴቪድ ሮቢንሰን ተጎድቶ ስለነበር ነው፤ በዚያ ዓመት የተሰለፈው በ6 ጨዋታ ብቻ ነው። ፖፖቪችም ያለ ሮቢንሰን ምንም አላመጣም። በ1997 ኮከቡ ቲም ደንከን መጣ፣ ሮቢንሰንም ዳነ። በ1999 ደግሞ 6 ለ 8 ሲጀምሩ ደጋፊው ፖፖቪችን ይባረር አለ። ከዚያ ወዲህ ከቀሩት 36 ጨዋታዎች 31ዱን አሸነፉ፣ ዋንጫም በሉ። በጠቅላላው 5 ዋንጫ አምጥቶ በ2025 ወንበሩን ለቀቀ።

ይህን ስሰማ ልቤ ይሞቃል። ቢሆንም ስፖልስትራ ሌብሮን ነበረው፣ ፖፖቪች ደንከን ነበረው። ያሸነፉት ደግሞ ዝም ብለው በመቆየት አይደለም፤ አጨዋወታቸውን እየቀያየሩ ነው። እንዳለ ማቆየት ማለት ሸዋ ሮቢት ላይ ያየሁት ሦስተኛ ኳርተር እንዳለ ይቀጥል ማለት ነው። በዚህ አልስማማም።

ውድድሩ እስኪያልቅ መጠበቅ

ዲትሮይት በ2023 ሞንቲ ዊሊያምስን በ6 ዓመት 78.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጠረ። በመጀመሪያው ዓመት 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ። በመጨረሻ 14 አሸንፈው 68 ተሸነፉ። ያም ሆኖ ያሰናበቱት በሰኔ 2024፣ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው። በክረምቱ ጄ ቢ ቢከርስታፍን ቀጠሩ፣ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾችም ጨመሩ። በሚቀጥለው ዓመት 44 አሸንፈው 38 ተሸነፉ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አዲሱ ሰው ሙሉ ክረምት ያገኛል፣ ልጆቹን ያውቃል፣ የጎደለውን ይሞላል። ጉዳቱ ደግሞ 28ቱ ሽንፈት ነው። ያን ሁሉ ማታ የተሸነፉት ልጆች ናቸው። ኤን ቢ ኤ ውስጥ የተሸነፈ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ አይወርድም፣ እንዲያውም በድራፍቱ፣ በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ ጥሩ ልጅ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። የኛ ልጆች ሲሸነፉ የሚሰጣቸው የለም። ሁለት ወር በየሳምንቱ የተሸነፈ የ17 ዓመት ልጅ ልምምድ መቅረት ይጀምራል። ከኛ ሁለቱ ጀምረዋል። ስለዚህ መጠበቅ ብቻውን ለዲትሮይት ይበቃ ይሆናል፣ ለኛ አይበቃም።

አቆይቶ ሰው መጨመር

እኔ እዚህ ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ያለፈው ቅዳሜ ፖይንት ጋርዳችንን ብቻ ስከታተል ዋልኩ። ኳስ ባስነጠቀ ቁጥር ወደ ኋላ ሮጦ ከመከላከል በፊት ቀና ብሎ ወደ ቤንቹ ያያል። አሰልጣኙ ይጮህበታል፣ ልጁ ትከሻው ይወርዳል፣ በዚያች ሰኮንድ ተጋጣሚው ሌይአፕ ይገባል። አራት ጊዜ ቆጠርኩ። 8 ነጥብ ነው። የተሸነፍነው በ5 ነበር።

አንድ ጊዜ ግን ልጁ የተመለከተው አሰልጣኙን አልነበረም። ከቤንቹ ጫፍ የተቀመጠውን የድሮ አምበላችንን ነበር። አምና ጉልበቱ ተጎድቶ መጫወት አቁሟል። አሁንም ግን አንድ ጨዋታ አልቀረም። አምበሉ በእጁ መዳፍ ቀስ በል የሚል ምልክት ሰጠው። ልጁ ሲመለስ ኳሷን አረጋግቶ ያዘ፣ ለኮርነሩ አቀበለ፣ ሦስት ነጥብ ገባ። ጋሼ "ማንን ልታመጣ ነው?" ብለው የጠየቁት ሰው እዚያ ተቀምጧል።

እሱ ረዳት አሰልጣኝ ይሁን። ሥራው ተቆጥሮ ይሰጠው፤ የቅያሬ ሰዓት መያዝና ጋርዱን ማናገር። ቢያንስ 8 ልጅ በየጨዋታው ይሰለፍ፣ ሦስተኛው ኳርተር ደግሞ በትኩስ እግር ይጀመር። ተጋጣሚ 6 ነጥብ በተከታታይ ሲያስቆጥር ታይም አውት ይጠራ፣ 9 እስኪሆን አይጠበቅ። የመጀመሪያው አጋማሽ ታይም አውት ወደ ሁለተኛው እንደማይሻገርም ረዳቱ ያስታውስ። ሦስት ጨዋታ እንስጣቸው። ሲያልቅ የምናየው አሸነፍን ወይ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛው ኳርተር ተለወጠ ወይ፣ ልጁ ወደ ቤንች ማየት ተወ ወይ የሚለውን ነው። ካልተለወጠ በክብር እናመሰግነውና እንለያይ። ያኔ ተተኪው ሦስት ጨዋታ አጠገቡ የሠራ፣ ልጆቹ የሚሰሙት ሰው ይሆናል። ካሰናበትንም ከአትላንታ ጋር እንመሳሰላለን ማለት ነው።

የዚህ ምርጫ አደጋ ሁለት አለቃ መፍጠሩ ነው። አንዱ ግባ ሲል ሌላው ውጣ ካለ ልጆቹ ይጠፋሉ። አሰልጣኙ ረዳቱን እንደ ጠላት ካየው ነገሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። ስለዚህ ነገሩ በደጋፊ ጩኸት ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ከማክሰኞ ልምምድ በፊት ይነገረው። ቃሉንም እሱ ራሱ ይስጥ። እምቢ ካለ ሀሳቤን እቀይራለሁ።

ለምን ይህን ያህል ዕድል ትሰጠዋለህ ያሉኝ አሉ። አንድ ቅዳሜ ከወትሮው ቀድሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሜዳው ደረስኩ። ሲሚንቶው ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ማንም የለም ብዬ ነበር። አሰልጣኛችን ሻርፑን አፉ ላይ ጠምጥሞ፣ መጥረጊያ ይዞ፣ ልጆቹ እንዳይንሸራተቱ ከአንዱ ሪንግ ሥር እስከ ሌላው ይጠርጋል። ጨርሶ ዳር ዳሩን በጆንያ አደረቀ። ልጆቹ ሲመጡ ስለዚህ አልነገራቸውም። ይህ ታይም አውት ያለመጥራቱን አያስተሰርይም። ግን አጠገቡ ሰው ቢቆም ሊስተካከል የሚፈልግ ሰው መሆኑን ነግሮኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደጋፊዎች ስብሰባ አለ። ደብተሬን ይዤ እመጣለሁ፤ የሌሎቻችሁን ቆጠራም ማየት እፈልጋለሁ፣ በተለይ ይባረር የምትሉትን። የሚቀጥለው ጨዋታ ቅዳሜ እዚሁ ሜዳችን ላይ ነው። እኔ 12 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ሁለተኛ መጥረጊያ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።